በሕግ አምላክ የማይቆም ውኃ

ጥርሱን የታመመ ሰው ጉንጩን ይዞ ገበያ ቢወጣ ያየው ሁሉ «እግዜር ይማርህ» ይለዋል። ወገቡን የታመመ ሰው ወንበር ይለቀቅለታል። ፊኛውን ለታመመ ሰው ግን የሚያዝንለት የለም፤ በሽታውን ለሦስት ሰዎች ቢነግር ሁለቱ ይስቃሉ፣ ሦስተኛው ለሌላ ሊነግር ይሄዳል። ይህን በወሬ አልሰማሁትም። ስሜን አልነግራችሁም እንጂ ሌላውን ሁሉ እነግራችኋለሁ።

ያን ጊዜ አርባ ዓመት ግድም ሆኖኝ ቢቸና እኖር ነበር። ጃንሆይ በዙፋናቸው ከተቀመጡ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ እኔ ግን በርጩማ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ቅዳሴ ላይ የምቆመው በሩ አጠገብ ነው። ሰርግ ስጠራ መጀመሪያ የማጣራው ሙሽራዋ የማን ልጅ እንደሆነች ሳይሆን ጓሮው በየት በኩል እንደሆነ ነው። ለቅሶ ቤት «ደጅ ልውጣ» ብዬ ስነሣ ሰዎች ሐዘኑ የጠናብኝ ይመስላቸዋል። እሱ እንኳ ደግ ነበር፣ በአንድ ለቅሶ ላይ ስድስት ጊዜ ባልነሣ ኖሮ። ሟቹን በሕይወቱ ያላየሁት ሰው ነበር።

መድኃኒት ሳልሞክር የቀረሁ እንዳይመስላችሁ። ክሊኒክ ሄጄ ድሬሰሩ ምላሴን አየ። ምላስና ፊኛ ምን እንደሚያገናኛቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም። «ብርድ ነው» ብሎ መርፌ ወጋኝ። በሳምንቱ ስመለስ «ሙቀት ነው» ብሎ ያንኑ መርፌ ወጋኝ። ጠበል ሄድኩ፤ አጥማቂው «በባዶ ሆድሽ ብዙ ጠጪ» አሉኝ፤ ጠጣሁ፤ የቀረውን እናንተው ጨርሱት።

በሽታዬን በአገር ያሳወቀው ግን አያ ደረሰ ነው። አያ ደረሰ የአባቴ የመጀመሪያ ሚስት ልጅ፣ የሞጣ ሰው፣ በሃያ ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ነው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ በልቤ «አንተ» ካልኩት ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ እዚህ የምጽፈውም ልቤ እንዳለው ነው። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ሳይጨርስ የወጣ ነው። ቅኔ ጀምሮ ከተወ ሰው ይሰውራችሁ፤ የጨረሰው እግዜርን ያመሰግንበታል፣ የጀመረው ግን ዘመዱን ይሰድብበታል። በአባታችን ተዝካር፣ ዳስ ሙሉ ሰው በተቀመጠበት፣ ለሦስተኛ ጊዜ ስነሣ አየኝና፣

«ለእህቴ መንገድ ልቀቁላት፤ ደጃዝማች ሆናለች» አለ።

ሰዉ መጀመሪያ ሰሙን ሰምቶ መንገድ ለቀቀ። ከዚያ ወርቁ ገባው። ደጅ አዝማች፤ ደጅ ስትዘምት የምትውል ማለቱ ነው። ካህናቱ ሳይቀሩ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሞጣ እስከ ቢቸና ማዕረጌ ጸና። ሰው በጦር ሜዳ ደምቶ የሚያገኘውን ሹመት እኔ ከቁጥቋጦ ሥር አገኘሁት።

ተዝካሩ አልፎ ርስት ስንካፈል ግን ሹመቴ ተረሳና «ባል አግብታ ቢቸና የሄደች ሴት ሞጣ ላይ ምን ድርሻ አላት» ተባለ። አባቴ በሕይወቱ ሳለ በጣቱ እየጠቆመ ያሳየኝ፣ ከወንዙ ማዶ ያለች የጤፍ መሬት ነበረች። ትልቅ አይደለችም። ነገር ግን ባሌ ሞቶብኛል፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ከዚያች መሬት ሌላ የኔ የምለው አፈር የለኝም። አያ ደረሰን ከሰስኩት።

እዚህ ላይ ከሌላ አገር የመጣ አንባቢ የሚቸገርበት ነገር አለ። ለክሱ ሞጣ ስሄድ የማድረው ከዚያው ከአያ ደረሰ ቤት ነው። እህቱ ሞጣ መጥታ ሆቴል ብታድር የእሱ ስም ይጠፋል፤ የእኔም ይጠፋል። ስለዚህ ማታ ከአንድ መሶብ እንበላለን፣ ጠዋት አብረን ወደ ችሎት እንሄዳለን፣ እሱ ከዘራውን ይዞ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ዳኛው ፊት ስንደርስ እሱ «ይህች ሴት» ይለኛል፣ እኔም «ይህ ሰው» እለዋለሁ። ሲያበቃ አብረን ተመልሰን ምሳ እንበላለን። የተከሰሰው ስለ መሬቱ እንጂ ስለ ዝምድናው አይደለም።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ስሜ ሲጠራ ከችሎቱ ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ነበርኩ። ዘበኛው ሦስት ጊዜ ተጣራ። ስመለስ መዝገቤ ተዘግቷል። አቤቱታ አስጽፌ፣ ደጅ ጠንቼ፣ በስንት ልመና ተከፈተልኝ። ዳኛው አጭር፣ ጺማቸው የሸበተ፣ ሰው ሲስቅ የማይወዱ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለታችንን አቁመው እንዲህ አሉ፤

«ቀጠሮው የዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ነው። ከሳሽ ተጠርታ ካልተገኘች መዝገቡ ዳግመኛ አይከፈትም። ተከሳሽም ካልተገኘ በሌለበት እፈርድበታለሁ። ታምሜ ነው፣ ዘመድ ሞቶብኝ ነው፣ ደጅ ወጥቼ ነው የሚል አልሰማም።»

«ደጅ» ሲሉ እኔን አዩ።

ቢቸና ስመለስ ግቢዬ ውስጥ የተከራየው መምህር ጀማል ፊቴን አይቶ ጠየቀኝ። መምህር ጀማል ከሐረር ተመድቦ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ሰው ከሚናገረው ይልቅ ቁጥሩን የሚሰማ ልጅ። ዶሮዬ ስንት እንቁላል እንደጣለች ከኔ በፊት የሚያውቀው እሱ ነበር። ለማንም ያልነገርኩትን ለእሱ ነገርኩት፤ ቢቸና ውስጥ ዘመድ የሌለው እሱ ብቻ ስለነበረ።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ ሒሳብ ነው» አለኝ።

«በሽታ ነው እንጂ ምን ሒሳብ አለው?»

«በሽታም ሒሳብ ነው። ፊኛ ማለት...»

«ፊኛ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በሬ ሲታረድ ልጆች እየነፉ የሚጫወቱበት ነው።»

«እሱው ነው፤ ያልታረደ ሰው ሆድ ውስጥ ሆኖ ሲታሰብ» አለና ወረቀት አምጥቶ ጋን ሣለ። ከላይ ውኃ ይገባል። ከታች ይወጣል። ከጋኑ አንገት አጠገብ ዱላ የያዘ አንድ ሰው ሣለ። «ይኼ ዘበኛው ነው። ጋኑ ሊሞላ ሲል ለአንጎል መልእክት ይልካል። የእርስዎ ጋን ደህና ነው። ድንጉጡ ዘበኛው ነው፤ ገና እግሩ ሳይረጥብ ጎርፍ መጣ እያለ ይጮኻል። ዘበኛው በስንተኛው ልክ ላይ እንደሚጮህ ካወቅን፣ ምን ያህል ጠጥተው ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ በቀመር አወጣለሁ።»

እውነቱን ለመናገር ልቤ በራ። ስንት ዘመን «ብርድ ነው፣ ሙቀት ነው፣ ዓይን ነው» ስባል፣ ድንጉጥ ዘበኛ አለሽ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እኔን የሚያሳፍረኝ እኔ ሳልሆን ቅጥረኛው መሆኑ ደስ አለኝ።

ደብተር ሰጠኝ። በአንድ በኩል «ገባ» በሌላ በኩል «ወጣ» ይላል። የጠጣሁትን በዋንጫ፣ የወጣውን በጣሳ፣ ሁለቱንም ከነሰዓቱ እንድጽፍ አዘዘኝ። ለሰዓቱ የራሱን የእጅ ሰዓት አዋሰኝ። በየትኛው ጣሳ እንደለካሁ አልናገርም፤ ያን ጣሳ ይዋሱ የነበሩ ጎረቤቶቼ ገና በሕይወት አሉ። ከጾመ ሁዳዴ መግቢያ እስከ ሆሣዕና አንድ ቀን ሳልስት ጻፍኩ። እሱ ማታ ማታ እየተቀበለ ገ፣ ወ፣ ዘ እያለ በፊደል ይደምራል ይቀንሳል። ፍ የምትባልም ነበረች። «ይቺ ምንድን ናት?» ስለው «ፍርሃት ናት፤ ዳኛ ሲያዩ ዘበኛው ይብሳል» አለኝ። ፍርሃት በፊደል መጻፉን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

በመካከሉ አንድ ጊዜ ልገድለው ነበር። ጎረቤቴ እማማ ጥሩ አጥር ላይ ተደግፈው «ልጄ ትምህርት ቤት ዛሬ ስለ አንዲት ሴትዮ ጋን ተማረች፤ ጋኗ የሚጮህ ዘበኛ አለው አሉ» አሉኝ። ይህን ብለው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ማታ ይዤ ጠየቅሁት።

«ስም አልጠራሁም፣ እትዬ።»

«ምን አልክ ታዲያ?»

«አንዲት የቤት አከራይ ነው ያልኩት።»

ቢቸና ውስጥ ለአስተማሪ ቤት የምናከራየው ሦስት ነበርን፤ ሁለቱ ወንዶች ናቸው። የዚያን ወር የማበስልለትን ሽሮ ጨው አበዛሁበት። ይህንንም እስከ ዛሬ አያውቅም።

በመጨረሻ ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ውጤቱን በንጹሕ ወረቀት ገልብጦ አመጣልኝ። «ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጋኑን ባዶ ያድርጉ። ከዚያ አንድ ዋንጫ ብቻ ይጠጡ። ፍርሃትንም ጨምሬ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ይቀመጣሉ።» ችሎት የሚጀመረው ሦስት ሰዓት፣ የሚነሣው ስድስት ሰዓት ነው። ወረቀቱን እንደ ክታብ አጥፌና ሰፍቼ አንገቴ ላይ ላስረው ምንም አልቀረኝ።

ወደ ሞጣ በሚሄደው አውቶብስ ላይ ቀመሩን ፈተንኩት። ያስመልሰኛል ብዬ ሳልጠጣ ነበር የተሳፈርኩት። ደብረ ወርቅ ላይ ቆመን ተሳፋሪው ሁሉ፣ ካህኑም፣ ነጋዴውም፣ ወታደሩም፣ ወርዶ ወደየቁጥቋጦው ሲበተን እኔ ከመቀመጫዬ አልተነቃነቅሁም። ከመስኮቱ ሆኜ አየኋቸው። በሕይወቴ ሰዎችን ከላይ ወደ ታች ያየሁበት ቀን ያ ብቻ ነው፤ ጥሩ ቀን ነበር።

ሞጣ ስደርስ የአያ ደረሰ ሚስት እቴ ብርቄ አቅፋ ሳመችኝ። ራት ላይ ስለ ክሱ አንድም ቃል አልተነሣም፤ ነውር ነው። አያ ደረሰ ግን በራቱ መካከል ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ወጣ፣ ሲወጣም ቆየ። ሰው እንጨት ፈልጦ የሚመለስበትን ያህል። እቴ ብርቄ «ከብቶቹን ሊያይ ነው» አለች። ከብቶቹ በዚያ ሰሞን ቆላ እንደነበሩ ግን ቀደም ብላ ራሷ ነግራኛለች። አልጠየቅሁም። የሰው ደጅ የሚቆጥር ሰው ክፉ መሆኑን አውቃለሁ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንደታዘዝኩት አደረግሁ። ተመልሼ ስቀመጥ እቴ ብርቄ የፋሲካ ጠላ በዋንጫ ይዛ ቆመች።

«አንድ ብቻ» አልኳት።

«አንድ ነው የኔ እመቤት፣ አፈር ስሆን።»

ዋንጫው የጎሽ ቀንድ ነበር። የቢቸናው የኔ ዋንጫ የእሱ ልጅ ቢሆን ነው። ቢሆንም አንድ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ገና ሩቡን ሳልጠጣ ሞላችልኝ። ግማሽ ሳደርሰው ሞላችልኝ። ባዶ ዋንጫ ከእንግዳ እጅ ማየት በእነሱ ቤት ውርደት ነው፤ ስለዚህ ዋንጫው አልጎደለም፣ ስላልጎደለም ሁለተኛ አልሆነም። አያ ደረሰም አጠገቤ ተቀምጦ እንዲሁ «አንድ» ይጠጣል። በመምህር ጀማል ሒሳብ ስንት እንደሚባል አላውቅም፤ በእቴ ብርቄ ሒሳብ ግን አንድ ዋንጫ ጠጥቼ ተነሣሁ። እቴ ብርቄ አውቃ አደረገችው ወይስ ከደግነት፣ ይህንን ስንት ዓመት ሙሉ አንሥቼ ጥያለሁ። እስካሁን አልወሰንኩም። ይቅር ያላልኳት ግን ለሁለቱም ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ችሎቱ ተሰየመ። እኔና አያ ደረሰ በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መዝገብ የሚጠራበት ተራ አይታወቅም፤ ዳኛው ከክምሩ እጃቸው እንዳነሣ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ዘበኛዬ አጉረመረመ። ወረቀቱን አሰብኩ፤ እስከ ስድስት። አራት ሰዓት ላይ ዱላውን አነሣ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ። ደብተሩን የሞላሁት በሁዳዴ ነው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም በአፌ አይዞርም። ከዘጠኝ በኋላ የምጠጣው ዋንጫ እንደ በጋ መሬት ላይ የወደቀ የመጀመሪያ ዝናብ ነው፤ ሰውነቴ መጥጦት ከጋኑ የሚደርሰው ትንሽ ነው። መምህር ጀማል የሠራው የጾመኛ ሴት ቀመር ነው። እኔ ችሎት የቀረብኩት በፍስክ ነው።

ደረቅ ነገር ማሰብ ጀመርኩ። ቋንጣ አሰብኩ። አመድ አሰብኩ። የድሬሰሩን ፊት አሰብኩ። ይህ ጥቂት ረዳኝ። ነገር ግን ዳኛው ያነሡት መዝገብ የመስኖ ክስ ሆነና አንድ አንደበተ ርቱዕ ባላገር ተነሥቶ ተናገረ፤

«ጌታዬ፣ ያ ውኃ ከላይ ከምንጩ ሽው ብሎ ይነሣል። በድንጋዩ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ ይሰበሰባል፣ ይሰበሰባል፣ ቦዩን ይሞላል። ሞልቶ ምን ያደርጋል? ይገነፍላል።»

«አሳጥር» አሉት ዳኛው።

«ውኃ እንዴት ያጥራል ጌታዬ፤ ይፈሳል እንጂ።»

አገራችን «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» ይላል። እኔም ከንፈሬን ሳላነቃንቅ «በሕግ አምላክ፣ በሕግ አምላክ» አልኩት። ይህን ተረት ያወጣው ሰው ጠላ የማይጠጣ መሆን አለበት።

ዞር ስል አያ ደረሰ ከዘራውን በሁለት እጁ አንቆ ዓይኑን ጨፍኗል። ግንባሩ አልቦታል። እግሩ ከሥር እንደ መስፊያ መኪና ይሄዳል። ደስታዬን አልደብቃችሁም። ደጃዝማች ብቻዋን እንዳልዘመተች አየሁ።

«አሞዎታል አያ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ምንም አልሆንኩ። አንቺ ነሽ የምትቁነጠነጪ።»

«እንግዲያ ይቀመጡ።»

«እቀመጣለሁ። አንቺ ውጪ።»

«እርስዎ ይውጡ።»

ነገሩ ገብቷችኋል። ወጥቼ ብጠራ መሬቷ ለዘለዓለም ትሄዳለች። ወጥቶ ቢጠራ በሌለበት ይፈረድበታል። በርስት ክስ የተጀመረው በፊኛ ትግል ሊያልቅ ነው። እንዲህ እስከ አምስት ሰዓት ተያየን። መጨረሻ እሱ ቀድሞ፣

«እት፣ አብረን እንውጣ» አለ።

«እንወጣና እርስዎ ቀድመው ሮጠው ይመለሱ?»

«በእግዜር።»

«በእግዜር ስንት ጊዜ ምለው ነው መሬቷን የያዙት።»

የጋቢውን ጫፍ አነሣና «እንግዲያስ እንቆራኝ» አለኝ።

ወጣቶች ይህን ላታውቁት ትችላላችሁ። በድሮ ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ አንዱ እንዳያመልጥ የሁለቱን ልብስ ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው ዳኛ ፊት ይነዷቸው ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። በእኛ ጊዜ ቀርቷል። እኛ ግን እዚያው አግዳሚ ላይ የእሱን ጋቢና የኔን ነጠላ ቋጠርን። የቋጠረው እሱ ነው፤ የበሬ ማሰሪያ ቋጠሮ። የውኃው ባላገር ወደ ክረምት ጎርፍ ሲሻገር ቀስ ብለን ወጣን።

ከባሕር ዛፉ ሥር ጀርባ ለጀርባ ቁጢጥ አልን። የኔ ነገር ለመናገር በሚፈጅብኝ ጊዜ አለቀ። ምድር ሰፋችልኝ። ተነሥቼ ቆምኩ፤ ነጠላዬ ያዘኝ።

«አያ፣ ጨረሱ?»

ከዘራው መሬቱን ሲጭር ሰማሁ።

«አያ?»

«አልጀመርኩም» አለኝ። ድምፁ የአያ ደረሰ አልነበረም። «እሺ አይለኝም። ከጀመረኝ ዓመት አልፎታል። ይሞላል፣ ያስጨንቀኛል፣ ልሽና ስል ይቆማል።»

የእኔ ዘበኛ ያለ ነገሩ ይጮኻል፤ የእሱ ዘበኛ ደግሞ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ጥሎታል። አንድ አባት ለሁለታችን ያወረሰን ይህንን ነው፤ በዚህ ላይ ክስ አላነሣንም።

ያን ጊዜ ነው ዘበኛው፣ የችሎቱ ማለቴ ነው፣ የኔን ስም የተጣራው። አንድ።

ነጠላዬን ጎተትኩ። ቋጠሮው አልተፈታም። ነጠላዬን ጥዬ መሮጥ እችል ነበር፤ ያለ ነጠላ ዳኛ ፊት መቆም ነውር ነው እንጂ ወንጀል አይደለም። እኔ ተገኝቼ እሱ ሳይገኝ መሬቷ የኔ ናት። አምላኬ ያየኛል፣ ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ ነበር።

«ሂጂ» አለኝ ሳይዞር። «ሂጂና ተቀበያት።»

ሂጂ ባይለኝ እሄድ ነበር። ያዘዘኝን ማድረግ ስለማልወድ ቀረሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ከባሏ የሰማችው እቴ ብርቄ አዝናለት ነው ትላለች፣ እሷ የምትለውን አትስሙ።

ተመልሼ ከጀርባው ቆምኩና ሁለቱን ልጆቼን ያሳደግሁበትን አደረግሁ።

«ሽሽሽሽ» አልኩት።

«ምን እያልሽ ነው?»

«ዝም ይበሉ። ሽሽሽሽ።»

ስሜ ሁለተኛ ተጠራ።

«ሽሽሽሽ፣ አያ፣ የዚያን ሰውዬ ውኃ ያስቡ፤ ከምንጩ ሽው ብሎ ይነሣል፣ በድንጋዩ ላይ ጠብ ጠብ ይላል...»

በመጀመሪያ ጠብ አለ። ከዚያ ቆመ። ከዚያ የስድሳ ዓመቱ ሽማግሌ፣ ቅኔ አዋቂው፣ የርስት ቀማኛው፣ እያለቀሰ እያመሰገነ ለቀቀው። እኔም «ሽሽሽ፣ ጎሽ የኔ ጌታ» እላለሁ። ቀና ስል ዘበኛው ለሦስተኛ ጊዜ ሊጣራ ማእዘኑን ዞሮ መጥቶ፣ አፉን እንደከፈተ ቆሟል።

«አለን» አልኩት።

ዳኛው ተቆራኝተን ስንገባ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማን ቆራኛችሁ?»

«ራሳችን ነን ጌታዬ» አለ አያ ደረሰ።

«ቁራኛ ከቀረ ዘመን የለውም? ውጭ ምን ስታደርጉ ነበር?»

እኔ አፌን ከፈትኩ። አያ ደረሰ ጋቢውን ሳብ ሲያደርግ ትከሻዬ ተሳበ።

«እንዳትናገሪ» አለኝ በጥርሱ መካከል።

«መሬቷስ?»

«ይሁንልሽ።»

«ለእኔ አይደለም፤ ለእሳቸው ይንገሩ።»

አያ ደረሰ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ ከወንዙ ማዶ ያለችው መሬት የእህቴ ድርሻ መሆኗን አምናለሁ።»

«ይህን ባለፈው ቀጠሮ አታውቅም ነበር?»

«አላውቅም ነበር ጌታዬ። አሁን ቀለል ሲለኝ ታየኝ።»

ዳኛው መነጽራቸውን ወደ ላይ መለሱ። ከዚያ ወደ መዝገቡ አጎንብሰው ሲጽፉ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክረን ፈረምን። ቋጠሮውን ዘበኛው በጥርሱ ፈታው።

ቢቸና ተመልሼ መምህር ጀማልን በደብተሩ አናቱን አልኩት። «ጾም ላይ እንደነበርኩ አታውቅም?» ስለው «የእናንተ ጾም ሥጋና ወተት መተው ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ጠዋት አለመጠጣትዎንም ልማድ ነው አልኩ፤ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አለ። «ብትጠይቀኝስ?» አልኩት። እሱ አልጠየቀም፣ እኔ አልተናገርኩም፤ ቀመሩ በዚህ መካከል ሰጠመ። ደብተሩን ተቀብሎ ጾ የምትባል አዲስ ፊደል ጨመረባት። ያችን ጨምሮ የሠራው ሁለተኛው ወረቀት በእውነት ጠቅሞኛል፤ ዘበኛውን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያስጠበቅሁ እንዳስለምደውም የመከረኝ እሱ ነው። ሽሮው ላይ ጨው ስለማብዛቴ ግን ይቅርታ አልጠየቅሁትም፤ አንዲት የቤት አከራይ ብሎኛል።

አያ ደረሰም ምክሬን ሰምቶ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ሄዶ ታከመ፤ ከዚያም ብዙ ዓመት ኖረ። ከችሎቱ ስንመለስ ግን በመንገድ አቁሞ በአባታችን አጥንት አስምሎኛል። «ከባሕር ዛፉ ሥር የሆነውን ለሰው አትናገሪም።» እኔም ማልኩ። እንዴት ብዬ እንደማልኩ ግን በደንብ አስተውሉ፤ «መሬቷ የኔ እስከሆነች ድረስ አልናገርም» ብዬ ነው የማልኩት። እሱ የቸኮለው ምሳ ለመብላት ስለነበረ ቃሉን አልመረመረውም።

ጥቂት ዓመት ጤፍ አመረትኩባት። ከዚያ ዘመን ተለወጠ፣ አዋጅ ታወጀ፣ መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ፤ የኔም የእሱም አብሮ ሄደ። በዚያው ዓመት አያ ደረሰ በእርጅናው ቢቸና ድረስ መጣ። ለማልቀስ የመጣ መስሎኝ ነበር። ተቀመጠ፣ ውኃ ጠጣ፣ አሁን አሁን ሲጠጣ አይፈራም፣ ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እት፣ ያ ቃልሽ እንዳለ ነው?» አለኝ።

«መሬቷ አለች?» አልኩት።

ከዘራውን እያሽከረከረ ብዙ አሰበ። ወጣ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ወዲያው ተመለሰ፣ እንደገና ተቀመጠ።

«እንግዲህ መናገርሽ ካልቀረ፣ ያን ቀን የቆየሁት አንቺን ስጠብቅ ነው በይ» አለኝ።

ይኸው ብያለሁ።